ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት፦ አሮጌ መኪናንና መለዋወጫን በአዳማ ማትረፍ

አዳማ ውስጥ ከጋራዥ ጓሮ ወይም ከግቢ አጥር ሥር ለዓመታት የቆመ መኪና መጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው። ባለቤቱ ቦታውን ይፈልገዋል፤ የብረታ ብረት ገዢ ይጠራል፤ መኪናው በጋዝ ተቆራርጦ፣ በኪሎ ተመዝኖ ወደ ማቅለጫ ይጫናል። ሚዛን የሚያውቀው ክብደትን ብቻ ነው። ከአንድ ቮልስ ላይ ኪሎ የሚያነሱት ሻንሲው፣ ሞተሩና ላሜራው ናቸው። እነዚህን ደግሞ ባትላሜራና ቶርኖ ቤት ሊጠግኗቸው ይችላሉ። የክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ፍጥነት መለኪያ፣ የጎን መስታወት፣ የፍሬቻ ሽፋን፣ የበር እጀታ ከነቁልፉ፣ የኮፈኑ አርማ ግን ሁሉም ተደምረው ጥቂት ኪሎ ቢሆኑ ነው፤ አንዴ ከተሰበሩ ግን የሚሠራቸው ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ የማትረፍ ሥራ ከሚዛኑ በተቃራኒ ይሄዳል። ቀላልና የማይገኘው ይቀድማል፤ ከባድና የሚጠገነው ይከተላል።

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ አስቸኳይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም አስወድዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ባለ ብረት ጣሪያው ቮልስ ጀርመን ውስጥ መሠራቱ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1978፣ ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ በ2003 ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርዶ የሞተር ዕቃ ማፈላለግ ዛሬም ይቻላል፤ የፔጆ 404 የኋላ መስታወት ማግኘት ግን ዕድል ይጠይቃል።

ሊብሬው ይቅደም

መኪናውን ከማየት በፊት ወረቀቱን ይመልከቱ። ሊብሬ ያለው የዛገ መኪና ሊብሬ ከሌለው ጽዱ መኪና ይበልጣል፤ አንደኛው ወደ መንገድ ሊመለስ ይችላል፣ ሁለተኛው ግን ከግቢ አይወጣም። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር ቁጥር በቁጥር ያስተያዩ። በቮልስ ላይ ቁጥሩ የሚገኘው የኋላ ወንበር ሲነሳ በመሀል ወለሉ ጉብታ ላይ ተመትቶ ነው፤ የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር ነው። በአሮጌ ላንድሮቨር ላይ ከፊት በቀኝ በኩል የባሌስትራው መያዣ አካባቢ ይፈልጉ። ቁጥሩ በቀለም ወይም በዝገት ከተሸፈነ በነጭ ጋዝ አርሰው በለስላሳ የሽቦ ብሩሽ ብቻ ያጽዱት። መፍጫ አያስነኩት። የተፈጨ የሻንሲ ቁጥር ከጠፋ ቁጥር የባሰ ጥርጣሬ ያመጣል፤ መኪናውንም ለዘለቄታው ያለ ማንነት ያስቀረዋል።

ግዢው በጽሑፍ ውል ይሁን፤ የሻጩ መታወቂያ ቅጂ ከውሉ ጋር ይያያዝ። የሊብሬው ባለቤት ካረፈ ወራሾቹ በሙሉ መስማማታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ሳይያዝ ገንዘብ አይከፈል። ፋይሉ መኖሩን፣ ዕዳም ሆነ እግድ እንደሌለበት መኪናው ከተመዘገበበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ። ከቆራሌው ወይም ከመንገድ ላይ ነጠላ ዕቃ ሲገዙም ደረሰኝ ወይም የእጅ ጽሑፍ ይቀበሉ። ስፖኪዮና ፓውዛ በብዛት የሚሰረቁ ዕቃዎች ናቸው፤ የአንዱን መኪና ለማትረፍ የሌላውን ማራቆት ደግሞ ማትረፍ አይደለም።

ሙሉ ይትረፍ ወይስ ይፈታ?

ውሳኔውን ሞተሩ ላይ አይመሥርቱ። ሞተር መድረቁ ወይም ጨርሶ አለመኖሩ መኪናን ለመቁረጥ በቂ ምክንያት አይደለም። የሚወስነው አካሉ ነው። መዶሻና አሮጌ ካቻቢቴ ይዘው ከሥር ይግቡ። ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው፣ ካቻቢቴውም ይዘልቀዋል።

ቮልስ የሚበሰብስባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ባትሪው የተቀመጠበት ወለል የመጀመሪያው ነው፤ ከባትሪው የሚፈሰው አሲድ ይበላዋል። ከዚያ በሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው፣ የማሞቂያ አየር የሚያልፍበት ባዶ ብረት፤ ቀጥሎም ከፊት ኮፈን ሥር ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበት ጉድጓድ። የቮልስ ጥቅሙ አካሉና ወለሉ በብሎን መለያየታቸው ነው። ወለሉ ያለቀ ቮልስ አካሉ ተነሥቶ በሌላ ወለል ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሊብሬው የሚከተለው ግን ቁጥሩ የተመታበትን ወለል መሆኑን አይርሱ። ስለዚህ ቁጥሩ ያለበትን የመሀል ጉብታ ይዘው የጎን ወለሎቹን ብቻ በአዲስ ላሜራ ማስቀየር ይሻላል። ለዚህ ሥራ ቢያንስ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ይጠይቁ፤ ለጣሪያ የሚሸጠው ስስ ቆርቆሮ ተበይዶ አይዘልቅም።

ፊያት 124፣ ላዳና ፔጆ 404 ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም። የበር ሥር ብረቱና ወለሉ ራሳቸው ናቸው መኪናውን የሚሸከሙት። ሁለቱም የበር ሥር ብረቶችና የኋላ ሞላ መቀመጫዎች ከበሰበሱ ያ መኪና መለዋወጫ ሰጪ ቢሆን ይመረጣል። ላንድሮቨር ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፣ ሻንሲው ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ያልቃል። በተለይ ከኋላ ያለውን አግዳሚ ብረት ይምቱ። አሉሚኒየሙ ብረት በሚነካበት መገናኛ ላይ ነጭ ዱቄት ካዩ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ባለበት እርስ በርስ እየተበላሉ ነው፤ መለያያ ጎማ ወይም ወፍራም ቀለም ሳይገባ ቢታሰሩ ይቀጥላል። ላንድሮቨር ቶሎ ወደ ሚዛን የሚሄደውም በዚሁ አካሉ ምክንያት ነው፤ አሉሚኒየም ከብረት የተሻለ ዋጋ አለውና።

ሊብሬ የሌለው፣ ነገር ግን ሙሉ የሆነ መኪና ካጋጠመ ከመፍታት በፊት አንድ መንገድ ይሞክሩ። በከተማው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የአውቶ ሰልጣኞች የሚፈቱትና የሚገጥሙት ሞተር ያስፈልጋቸዋል። በሥርዓት የተሰጠ አንድ ሙሉ ቮልስ ወይም አሮጌ ትራክተር እዚያ ለብዙ ዓመት ይኖራል። ትራክተር ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የናዝሬት ትራክተር ፋብሪካ የቤላሩስ ትራክተሮችን ይገጣጥም ስለነበር የእነዚያ ትራክተሮች ዕቃ ባልተጠበቀ ጓሮ ሁሉ ሊገኝ ይችላል፤ እንደ ተራ ብረት ተቆልሎ ካዩት አያልፉት።

የደረቀ ሞተር

ሞተሩ አልዞር ካለ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ወይም ማርሽ አስገብቶ በመጎተት አያስገድዱት። የፒስተን ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ይሰበራል፣ ቢዬላ (ፒስተንን ከኮሎ የሚያገናኘው ክንድ) ይጣመማል፤ ይተርፍ የነበረው ኮሎ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዘንግ) እዚያው ይበላሻል። ካንዴላዎቹን ይፍቱ፤ ናፍታ ከሆነ ኢኒየቶሪዎቹን (ነዳጅ መርጫዎቹን)። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ይቀላቅሉና በየሲሊንደሩ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨምሩ። አሴቶኑ ቀጭን ስለሆነ በፋሻው ዙሪያ ሰርጎ ዘይቱን ይዞት ይገባል። ከእሳትና ከሲጋራ ይራቅ። ከ3 እስከ 7 ቀን ይተዉት፤ አሴቶኑ ስለሚተን በየሁለት ቀኑ ይደግሙት። የቮልስ ሲሊንደሮች የተጋደሙ በመሆናቸው ፈሳሹ የታችኛውን ግማሽ ብቻ ነው የሚያርሰው፤ ላይኛውን ለመድረስ በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ መርጨት ያስፈልጋል።

ከዚያ በኮሎው ጫፍ ላይ ባለው ብሎን ቁልፍ አስገብተው በእጅ ይሞክሩ። በቮልስ የፑሌጃው (ቺንጋውን የሚያዞረው መንኮራኩር) ብሎን 30 ሚሊሜትር ነው። በዲናሞው ዳዶ በኩል መሞከር አይጠቅምም፤ ቺንጋው (ቀበቶው) ይንሸራተታል። ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ወደፊት ብቻ አይግፉት፤ ሩብ ጣት ወደፊት፣ ሩብ ጣት ወደኋላ እያሉ ያስፉት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ካልተነቃነቀ ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ማንሣት ይሻላል። ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታየው አንድ ሲሊንደር ብቻ ውሃ ገብቶበት መዛጉ ነው።

የረጅም ጊዜ ማቆሚያ

አብዛኛው መኪና የሚሞተው እየሠራ ሳይሆን ቆሞ ነው። አዳማ ከሐዋሳ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሐዋሳ ሐይቁ አጠገብ ስለሆነች ጠላቱ እርጥበት ነው፤ አዳማ ላይ ደግሞ ፀሐይ፣ አቧራና ነፋስ ይቀድማሉ። ነፋሱ ከከተማው ዳር የነፋስ ኃይል ማመንጫ ያስተከለ ነፋስ ነው፤ ልቅ የታሰረ ሸራ ከነአቧራው መኪናው ላይ ሲርገበገብ ውሎ ካደረ ቀለሙን እስከ ስቱኮው ያወርደዋል። ዝገቱ የሚመጣው በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በዚያን ጊዜ ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ ዝቅ ያሉ ግቢዎችን ያጥለቀልቃል። መኪናው የሚቆምበትን ቦታ በበጋ ሳይሆን ባለፈው ክረምት ውሃው በግድግዳው ላይ የተወውን ምልክት አይተው ይምረጡ።

ከመቆሙ በፊት ከሥሩ በደንብ ይታጠብ። ጭቃ እርጥበት ይይዛል፤ በፓራፋንጎው (የጎማው ጭቃ መከላከያ) ውስጠኛ ጠርዝ የተጋገረ ጭቃ ብቻውን ላሜራ ያበሳል። በበሮቹና በወለሉ ሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ይክፈቱ። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ በሮቹ ተከፍተው ይድረቅ።

የሞተር ዘይቱ የሚቀየረው ከመቆሙ በፊት ነው። የሠራበት ዘይት አሲድና ውሃ ይዟል፤ ዓመት ሲቀመጥ የኮሎውን መቀመጫ ይበላል። ቮልስ 2.5 ሊትር ይወስዳል፤ የወረቀት ፊልትሮ የለውም፣ ከሥር ያለውን ወንፊት ፈትተው በነጭ ጋዝ አጥበው ከሁለቱ ስስ ጓርኒሲዮኖች (ማሸጊያዎች) ጋር ይመልሱት። አዲሱን ዘይት ለማዳረስ ሞተሩን አንዴ እስኪሞቅ ያስነሡና ያጥፉ።

ቤንዚን በሙቀት ቶሎ ያረጃል፤ ከ6 ወር በላይ የሚቆም ከሆነ ታንኩን ሙሉ በሙሉ ያፍስሱ። ኤታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ውሃ ይስባል፤ ውሃው ከታች ተቀምጦ ታንኩን ያዝጋል። ካፈሰሱ በኋላ የካርቡራተሩም ማጠራቀሚያ ይድረቅ፤ አለዚያ ቤንዚኑ ደርቆ የሚተወው ሙጫ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ባዶው ታንክ ውስጥ ሩብ ሊትር ንጹሕ የሞተር ዘይት ጨምረው ግድግዳውን እንዲነካ ያናውጡት፤ ክዳኑን ይዝጉ። ናፍታ ላይ ተቃራኒውን ያድርጉ፦ ታንኩን እስከ አፉ ይሙሉት፤ ባዶ ቦታ ካለ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ውሃ ያላባል።

ራዲያተር ያለው መኪና የጉድጓድ ውሃ ይዞ አይቁም። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ማዕድን ይበዛበታል፤ ቆሞ ሲተን በራዲያተሩ ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል። ኩላንትና የባትሪ ውሃ እኩል በእኩል፣ ወይም ንጹሕ የዝናብ ውሃ ከኩላንት ጋር ይሙሉ። ያ ከሌለ ከራዲያተሩም ከሞተሩም ጨርሶ አፍስሰው ያድርቁ። ግማሽ ልኩ ያለበት ከሁለቱም የከፋ ነው፤ ዝገቱ የሚጀምረው ውሃና አየር በሚገናኙበት መስመር ላይ ነውና።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጥጣል። ከመቆሙ በፊት አዲስ ዶት 3 ወይም ዶት 4 እስኪጠራ ድረስ ያሳልፉበት፤ በየሁለት ዓመቱ ይደገም። ይህ ካልተደረገ ፖምፓዎቹ (የፍሬን ዘይቱ የሚገፋባቸው ሲሊንደሮች) ከውስጥ ዝገው ጎሚኒዎቹ (የውስጥ ጎማዎቻቸው) ይጣበቃሉ። የእጅ ፍሬን ፈትተው ይተዉት፤ ከጎማው ፊትና ኋላ ጠንካራ ጣውላ ይሸጎጥ። የፍሪሲዮን ፔዳሉን ረግጠው ከወንበሩ ጋር በእንጨት ይወጥሩት፤ አለዚያ የፍሪሲዮኑ ሸራ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ መንኮራኩር) ጋር ተጣብቆ ካምቢዮ ሳይወርድ አይላቀቅም።

መኪናውን ከመሬት አንሥተው በብረት መቆሚያ ወይም በወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ያሳርፉት። ብሎኬት ላይ በፍጹም አይሆንም። ባዶ ብሎኬት ሲሸከም ይቆይና ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈረካከሳል፤ ሥሩ ሰው ካለ ይገድላል። ክሪክም መቆሚያ አይደለም። ማንሣት ካልተቻለ ጎማዎቹን ከተለመደው 7 ፒኤስአይ ያህል አብዝተው ይንፉና በየወሩ መኪናውን አንድ እጅ ያህል ገፋ ያድርጉት።

ባትሪውን ያውጡ፤ ኔጌቲቩ ይቅደም። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12.4 ሲደርስ ይሞላ። በሙቀት ቦታ ባትሪ በራሱ ቶሎ ይወርዳል፤ ባዶውን ለወራት ከተተወ ሰሌዳዎቹ በሰልፌት ይሸፈኑና ዳግም አይሞላም። አሮጌው ቮልስ 6 ቮልት ሊሆን ስለሚችል ቻርጀር ከመሰካት በፊት የባትሪውን ክዳኖች ይቁጠሩ፤ 3 ከሆኑ 6 ቮልት ነው።

በእያንዳንዱ የካንዴላ ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው በእጅ ጥቂት ዙር ያዙሩና ካንዴላውን ይመልሱ። በየሁለት ወሩ እንደገና በእጅ ያዙሩ፤ በተነሣበት ቦታ አይቁም። የማርሚታውንና የአየር ማስገቢያውን አፍ ዘይት በነካው ጨርቅ ይድፈኑ፤ ይህን የሚያስታውስ ወረቀት ከመሪው ጋር ይታሰር። ጨርቁ አይጥንም ያስቀራል። አይጥ ወንበር ውስጥ ገብታ የምትሠራው ጎጆ ሳይሆን የምትበላው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው ጉዳቱ።

ሽፋኑ አየር የሚያሳልፍ የጥጥ ሸራ ይሁን፣ ከሥር በኩል በገመድ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር። ፕላስቲክ ሌሊት ያላበውን ይዞ ያስቀራል። ክሩስኮቱና የወንበሩ ቆዳ ፀሐይ እንዳይነካቸው መስታወቶቹ ከውስጥ በካርቶን ይሸፈኑ። አቧራ የተኛበትን ቀለም በደረቅ ጨርቅ አይጥረጉ፤ ይፈጨዋል፣ በውሃ ያውርዱት።

ብዙ ሰው በየሳምንቱ ለ5 ደቂቃ ሞተር ማስነሣት ጥሩ ይመስለዋል። ይህ ይጎዳል። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ሲጠፋ ያቃጠለው ነዳጅ ያፈለቀው ውሃ በዘይቱና በማርሚታው ውስጥ ይቀራል። ወይ ግማሽ ሰዓት ይነዳ፣ ወይ ከነጭራሹ አይነሣ።

ሲፈታ

መለዋወጫ ሰጪ የሆነውን መኪና ከቆራጩ በፊት ይድረሱበት። የመጀመሪያው ሰዓት የሚሰጠው ለቀላሉ ነው፦ መስታወት፣ የክሩስኮት መለኪያዎች፣ መብራቶች፣ ስፖኪዮ፣ እጀታና ቁልፍ፣ አርማ፣ የመስታወት ማንሻ፣ ፓራውልት፣ ካርቡራተር፣ ዲስትሪቢዩተር። ጊዜ ከተረፈ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ የፍሬን ዕቃ፣ መሪ። በመጨረሻ ሞተርና ካምቢዮ። መኪናው ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሚቆረጥ ከሆነ ሞተሩን ለማውረድ ሲታገሉ መስታወቱ እንዳይሰበር።

ከመንካትዎ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሡ፤ በተለይ ሽቦ የሚገባበትን ሁሉ። ብሎኖቹን ከአንድ ቀን በፊት በናፍታና በካምቢዮ ዘይት ቅልቅል ያርሷቸው። የፈቱትን ብሎን ወደ ቀዳዳው በጣት መልሰው ያስገቡት ወይም ከዕቃው ጋር በአንድ ከረጢት ያስሩት። ስሙን በእርሳስ በወፍራም ካርቶን ላይ ይጻፉ፤ የእስክሪብቶና የማርከር ቀለም በፀሐይ ይነጣል፣ እርሳስ አይነጣም።

የፊት መስታወት የሚወጣው በመግፋት አይደለም። ዙሪያውን ያለው ጎማ ደርቆ ከሆነ ከውጭ በኩል ያለውን ከንፈሩን በምላጭ ዙሪያውን ይቁረጡና መስታወቱን በሁለት ሰው ያንሡ። ጎማው ቢቆረጥም አይጣል፤ ቅርጹ ለአዲሱ መለኪያ ይሆናል። መስታወት ሲቀመጥ በጠርዙ ቆሞ፣ በመካከሉ ካርቶን ገብቶበት ነው። ተኝቶ የተደረደረ መስታወት በራሱ ክብደት ይሰነጠቃል።

የሽቦ ጥቅሉን አይቁረጡ። ሰብሳቢው የሚፈልገው መዳቡን ስለሆነ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። በሁለቱም ጫፍ የፕላስተር ምልክት እያደረጉ ከየሶኬቱ ነቅለው ሰፋ አድርገው ይጠቅልሉት።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፤ የሰው ሕይወት አለበትና። የቮልስ ሞተር አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። በጋዝ መቁረጫ ከተነካ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ከተቀጣጠለ ውሃ ያባብሰዋል፣ የሚያጠፋው ደረቅ አሸዋ ነው። ስለዚህ የቮልስ ሞተር በብሎን ይውረድ እንጂ በእሳት አይነካ። ቤንዚን የነበረበትን ታንክ ባዶ ነው ብለው አይበይዱ፣ አይቁረጡ፤ ከቤንዚኑ ይልቅ የሚፈነዳው ትነቱ ነው።

ማጽዳትና ማስቀመጥ

ቅባትን በነጭ ጋዝ ያጥቡ፤ ቤንዚን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለትንንሽ የዛጉ የብረት ዕቃዎች አቼቶ ይበቃል። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነክረው፣ አውጥተው በብሩሽ አሽተው፣ አንድ ማንኪያ የመጋገሪያ ሶዳ በአንድ ሊትር ውሃ ባሟሙበት ያለቅልቁትና ወዲያው አድርቀው ዘይት ይቀቡት። እርጥብ ተትቶ ሻይ ተጠጥቶ እስኪመጣ ድረስ አዲስ ዝገት ያወጣል።

ለትላልቆቹ ኤሌክትሪክ ይሻላል። በ20 ሊትር ውሃ በፕላስቲክ በርሜል 5 የሾርባ ማንኪያ ሶዳ አሽ ያሟሙ። ሶዳ አሽ ከአብያታ ሐይቅ ሲመረት የኖረ የራሳችን ዕቃ ነው። የቁራጭ ፌሮ ብረት ከቻርጀሩ ፖዘቲቭ ጋር፣ የዛገውን ዕቃ ከኔጌቲቩ ጋር ያገናኙ፤ ሁለቱ እንዳይነካኩ። ከ6 እስከ 24 ሰዓት ይበቃዋል። በፌሮው ቦታ የማይዝግ ብረት አያስገቡ፤ የሚወጣው ክሮሚየም መርዝ ነው። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ ሥራው ክፍት ቦታ ላይ፣ ከእሳት ርቆ ይሁን፤ ዕቃውን ከመንካት በፊት ቻርጀሩ ይነቀል። አሉሚኒየም እዚህ ውስጥ ይሟሟል። ሞላና የተጠናከረ ብሎንም አይገባም፤ ሃይድሮጅኑ ውስጡ ገብቶ እንዲሰባበር ያደርገዋል። አውቶማቲክ ቻርጀር ባትሪ ካልታየው አይሠራም፤ የድሮው ትራንስፎርመር ያለው ዓይነት ይሻላል።

የደረቀውን ብረት ለመሸፈን 200 ግራም የንብ ሰም በአንድ ሊትር አዲስ የሞተር ዘይት ውስጥ ይቅለጥ። ድስቱ በሌላ የፈላ ውሃ ድስት ውስጥ ይቀመጥ፤ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ። ለብ እያለ በብሩሽ ይቀባ፣ በቮልስ የበር ሥር ብረት ውስጥም ይገባል። ጎማ፣ የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን ሸራ ግን አይንኩት። የፍሬን ፖምፓ ውስጥም የሞተር ዘይት ወይም ግሪስ አይግባ፤ ጎሚኒው ያብጣል። እዚያ የፍሬን ዘይት ወይም ስስ የጉሎ ዘይት ነው የሚቀባው።

ኮሎና ካምሻፍት በቁማቸው ይቀመጡ ወይም ይሰቀሉ፤ ለዓመታት ተጋድመው ከቆዩ ሊጎብጡ ይችላሉ። የቴስታታ ገጽ ላይ ጣውላ ይታሰር። የታጠበ ኩሽኔታ በአየር ግፊት አይሽከርከር። ጓርኒሲዮን ጠፍጣፋ ሆኖ በሁለት ካርቶን መካከል ይተኛ። የጎማ ዕቃ ሚስማር ላይ አይሰቀል፤ ታልክ ተነስንሶበት በጨለማ ሣጥን ይቀመጥ፣ ከሚሠራ ሞተርና ከባትሪ ቻርጀር ይራቅ፤ ከብልጭታው የሚወጣው ኦዞን ይሰነጥቀዋል። የመኪና ጎማ ላይ ያሉት የመጨረሻ 4 ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2315 ማለት የ2015 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ነው። 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም መኪና ለማንቀሳቀስ እንጂ ለመንገድ አይሆንም።

መደርደሪያውን በራሱ በፋብሪካው ቁጥር ያደራጁ። በቮልስ ዕቃ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች ሞዴሉን፣ አራተኛው ክፍሉን ያሳያል፦ 1 ሞተር፣ 2 ነዳጅና ማርሚታ፣ 3 ካምቢዮ፣ 4 የፊት አክስል፣ 5 የኋላ አክስል፣ 6 ጎማና ፍሬን፣ 7 ፔዳልና እጀታ፣ 8 አካል፣ 9 ኤሌክትሪክ። ግራና ቀኝ ባለው ዕቃ የመጨረሻው አኃዝ ጎዶሎ ከሆነ ግራ፣ ሙሉ ከሆነ ቀኝ ነው። የሞተር ዕቃን በመለካት ይለዩ፤ የ1200 ኮሎ የፒስተን ጉዞው 64 ሚሊሜትር ነው፣ የ1300፣ የ1500 እና የ1600 ግን 69 ነው። የፒስተኑ ስፋት በ1200 እና በ1300 77፣ በ1500 83፣ በ1600 85.5 ሚሊሜትር ነው። ፊያት 124 እና ላዳ ስለሚመሳሰሉ ዕቃቸው በአንድ ሣጥን ሲደባለቅ ይታያል። ላዳው ከፊያቱ ቢወለድም ካምሻፍቱ ከላይ ያለ ሌላ ሞተር ነው የገባለት፤ ከኋላም ፊያቱ ዲስክ ፍሬን ሲሆን የመጀመሪያው ላዳ ታምቡር ነው። ለይተው ያስቀምጡ።

ሁሉንም ዕቃ ማከማቸት አያስፈልግም። የተሰነጠቀ የሞተር አካል፣ ልኩን ጨርሶ ያለፈ ሲሊንደርና ያለቀ ማርሚታ ይሂዱ። ከእነሱ የሚገኘው ገንዘብ መደርደሪያውንና ሰሙን ይገዛል፤ ቦታውም ለማይገኘው ዕቃ ይለቀቃል።

ሲነሣ

ቆሞ የኖረው መኪና ሲነሣ ሥራው በተቆለፈበት ተቃራኒ ይሄዳል። ጨርቆቹ ከማርሚታና ከአየር ማስገቢያ ይውጡ፣ የፍሪሲዮኑ እንጨት ይነሣ። የነዳጅ ቱቦዎች ሁሉ ይቀየሩ፤ ለቮልስ የውስጥ ስፋቱ 5.5 ሚሊሜትር የሆነ፣ በየጫፉም ማሰሪያ ይግባ። ሞተሩ ላይ የደረቀ ቱቦ መፈንዳቱ ብዙ ቮልስ ያቃጠለ ነገር ነው። ካርቡራተሩ ላይ ያለችው የነሐስ ማስገቢያ ቱቦ በእጅ ስትነቃነቅ የምትላቀቅ ከሆነ ከማስነሣት በፊት ተስተካክላ ትጠንክር። ታንኩ በትንሽ ቤንዚን ታጥቦ ዘይቱ ይውጣ።

ካንዴላዎቹ ወጥተው ሞተሩ በእጅ ሁለት ዙር ይዙር፣ ቀጥሎ በሞተሪኖ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ይሽከርከር፤ ከዚያ ነው ካንዴላ የሚገባው። ሲነሣ ጥቂት ደቂቃ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፤ የጨመሩት ዘይት ነው። ካልቆመ ፋሻ ተጣብቋል።

የመጀመሪያው ጉዞ በፈጣን መንገዱ ላይ አይሁን። ወደ ወንጂ ወርዶ መመለስ ይበቃል። ሲመለሱ አራቱንም ቸርኬ በእጅ ጀርባ ይንኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ የዚያ ጎማ ፖምፓ አልተመለሰም፣ ታምቡሩ ይውረድ። በማግሥቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ የቮልሱ ቫልቭ ክፍተት በ0.15 ሚሊሜትር ይለካ፣ የዘይቱ ወንፊትም ወጥቶ የብረት ብናኝ እንዳለበት ይታይ።